ያረጀ ሳንቲም ላይ ያለው ቀለም ይነሳ ወይስ ይተው? (ፓቲና፣ ይዞታና ዋጋ)

#1 የአባቴ ሳጥን

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ በሕይወት ሳለ የሰበሰባቸው ወደ አርባ የሚጠጉ አሮጌ ሳንቲሞች እኔ ጋር አሉ። ገሚሶቹ የመዳብ፣ ገሚሶቹ የብር ናቸው (እዚህ ላይ ብር ስል ማዕድኑን ነው)። ስምንቱ ደግሞ በጣም ጥንታዊ የሆኑ ትንንሽ የነሐስ ሳንቲሞች ናቸው።

ባለፈው ወር ከሁሉም ትልቁን፣ 1780 የሚል የተጻፈበትን የማሪያ ቴሬዛ ብር፣ ጠቁሮ ስላየሁት በሎሚና በቤኪንግ ፓውደር አሸሁት። ነጭ ሆኖ ወጣ። ደስ ብሎኝ ሳንቲም ለሚያውቅ ሰው ባሳየው ገና ከእጄ ሳይቀበለኝ «ምነው አጠብሽው?» አለኝ። እንደነበረ ባመጣው ኖሮ ከዚህ የተሻለ ይከፍልበት እንደነበርም ነገረኝ። ያን ቀን በጣም ከፋኝ፤ አባቴ ያን ሳንቲም ስንት ዓመት ሲጠነቀቅለት ኖሯል።

አሁን ሌሎቹን መንካት ፈርቻለሁ። የጠቆረ ነገር ከጸዳው የሚበልጠው ለምንድን ነው? የታጠበውስ የሚስተካከልበት መንገድ አለ? ከነሐሶቹ ሦስቱ ላይ አረንጓዴ ነገር ስላለ እሱም አሳስቦኛል።

#2 ጠርዝ ያዥ

እህቴ፣ ስለ አባትሽ ሳንቲም አዝናለሁ። ይህን ያላደረገ ሰብሳቢ ማግኘት ይከብዳል፤ እኔም በወጣትነቴ አንድ ሙሉ ሳህን የመዳብ ሳንቲም ኮምጣጤ ውስጥ ነክሬ አበላሽቻለሁ። እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ከመጀመሪያው ጥያቄሽ ልነሳ። ያነሳሽው ጥቁር ነገር ቆሻሻ አልነበረም። ቆሻሻ ከውጭ መጥቶ የሚለጠፍ ነው፤ ላብ፣ ቅባት፣ አቧራ። ፓቲና የምንለው ግን ራሱ ሳንቲሙ ነው። የብሩ የላይኛው ስስ ገጽ አየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ተዋሕዶ ወደ ብር ሰልፋይድ ተለወጠ። በጥቁሩ ውስጥ ያለው ብር ከሳንቲሙ የወጣ ብር ነው። ስለዚህ ጥቁሩን ስታነሺ የሳንቲሙን ቆዳ ገፈፍሽው ማለት ነው።

ከዚያ የሚብሰው ማሸቱ ነው። ሳንቲም ሲመታ (በማተሚያ ምስሉ ሲወጣበት) ማዕድኑ በግፊቱ ብዛት ከመሃል ወደ ጠርዝ ይፈስሳል፤ ያ ፍሰት በዓይን የማይለዩ እጅግ ቀጫጭን መስመሮችን ትቶ ያልፋል። ያልተነካ ሳንቲም ብርሃን ስር ሲዘወር እንደ ጋሪ መንኮራኩር የሚሽከረከር ጸዳል የሚታየው ከነዚያ መስመሮች ነው። ቤኪንግ ፓውደርም ሆነ የጥርስ ሳሙና በውስጡ ጠጣር ቅንጣት አለው፤ ስታሺበት መስመሮቹን ይፍቃቸውና በምትካቸው በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ጭረቶችን ያሰምራል። ሳንቲሙ ነጭ ይሆናል፣ ያበራልም፤ ብርሃኑ ግን አይዞርም። ያ ሰው ከሩቅ አይቶ ያወቀብሽ በዚህ ይመስለኛል።

ማሪያ ቴሬዛ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ምስሏ ያለበት የኦስትሪያ ንግሥት እ.ኤ.አ. በ1780 ካረፈች በኋላ ሳንቲሙ ዓመቱ ሳይቀየር በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በበርሚንግሃም፣ በቦምቤይ ሁሉ ተመትቷል። ሁሉም 1780 ይላል። አንዱን ከሌላው የምንለየው የካባዋ ማያያዣ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች፣ የንስሩን የጅራት ላባዎችና የመሳሰሉትን ጥቃቅን ነገሮች አይተን ነው። ማሸት ቀድሞ የሚበላው እነዚህኑ ከፍ ከፍ ያሉ ነጥቦች ነው። ዋጋውን የሚወስነው መረጃ አብሮ ይጠፋል።

#3 ነጩ ብር

ጋሼ፣ ያሉት ስለ ማሸቱ ልክ ነው። ነገር ግን ሁሉም ጥቁር ቅዱስ ነው የሚለው አመለካከት አይዋጥልኝም። እኔ ያልጠቆረ ብር ነው የምወደው፤ እንደኔ ያለ ገዢም ብዙ ነው። የሞተ ግራጫ፣ ጥቀርሻ የመሰለ ሳንቲም ማን ይወደዋል? ነጋዴዎቹ ራሳቸው በማንጫ ፈሳሽ ለሰከንዶች ነክረው ያወጡ የለም እንዴ?

#4 ላቦራቶሪ

ነጩ ብር ያነሳው ነጥብ መመለስ አለበት፤ ግማሹ እውነት ነውና።

የብር ሰልፋይድ ሽፋን ሲጀምር እጅግ ስስ ነው። ያኔ የምናየው ቀለም የሽፋኑ የራሱ አይደለም፤ ከላይኛው ገጽና ከታችኛው ገጽ የሚመለሰው ብርሃን ሲደራረብ የሚፈጠር ነው፤ የሳሙና አረፋ ላይ እንደምናየው ማለት ነው። ሽፋኑ እየወፈረ ሲሄድ መጀመሪያ ወርቅማ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቀይ ሐምራዊ፣ ከዚያ ሰማያዊ ይሆናል፤ በመጨረሻ ጥቁር። ስለዚህ ፓቲና ስንል ስለ አንድ ነገር አይደለም የምናወራው። ሰማያዊና ወርቅማ ቀለም የያዘና ከሥሩ ጸዳሉ የሚታይ ሳንቲም ከነጭ ወንድሙ በብዙ እጥፍ ሊሸጥ ይችላል። ጥቁሩ ላይ ከደረሰ ግን ሽፋኑ ገጹን መብላት ስለሚጀምር ዋጋው ይወርዳል። ነጩ ብር የጠላው ይህን የመጨረሻውን ደረጃ ከሆነ እኔም እስማማለሁ።

ማንጫ ፈሳሾቹ አብዛኛውን ጊዜ ታዮዩሪያ የተባለ ውሕድ ከአሲድ ጋር የያዙ ናቸው። ጭረት አይተዉም፤ ሰልፋይዱን ግን ከነብሩ ያሟሙታል። አንድ ጊዜ፣ ለሁለት ሰከንድ፣ ስስ ሽፋን ላይ ከሆነ ጸዳሉ ሊተርፍ ይችላል። በደጋገሙት ቁጥር ግን ጋሼ የጠቀሷቸው የፍሰት መስመሮች ይሟሟሉ፤ ሳንቲሙ እንደ ኖራ ግድግዳ ነጭና ፈዛዛ ሆኖ ይቀራል። ከሥሩ ያለው ገጽ ጤነኛ ይሁን የተበላ ደግሞ ሽፋኑ ከመነሳቱ በፊት ማየት አይቻልም። ዕጣ እንደመጣል ነው።

#5 ነሐስ አፍቃሪ

ስለ ብሩ በቂ ተብሏል። እኔ ስለ ስምንቱ ነሐሶች ልናገር፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው።

ጥንታዊ ነሐስ ከብር የሚለይበት ትልቅ ነገር አለ። መሬት ውስጥ አንድ ሺህ፣ ሁለት ሺህ ዓመት የቆየ ነሐስ ላይ መዳቡ ወደ ማዕድን ይመለሳል። መጀመሪያ ቀይ የመዳብ ኦክሳይድ፣ ከላዩ ደግሞ አረንጓዴ ማላካይት። ይህ ቀስ ብሎ፣ እኩል እኩል ከሆነ የንጉሡ አፍንጫ፣ የፊደሉ ጫፍ፣ የዘውዱ ነጥብ ሁሉ ቅርጹን ሳይለቅ ወደ ማዕድኑ ይተላለፋል። ማለትም ዛሬ የምታዪው ምስል ያለው በፓቲናው ውስጥ ነው። ከሥሩ ያለው ነሐስ ምስል የለውም፤ የተቦረቦረ እንጎቻ ነው። አረንጓዴውን በአሲድ ያነሳ ሰው «ከሥሩ ያለውን እውነተኛውን ሳንቲም» ሲጠብቅ ፊት የሌለው ቁራጭ ነሐስ እጁ ላይ ይቀራል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የሚያሳዝን ነገር ነው።

እዚህ ላይ ግን «ፈጽሞ አታጽዱ» የሚለው ሕግ ጥንታዊ ሳንቲም ላይ እንደ ወረደ አይሠራም። ከመሬት የወጣ ነሐስ በጭቃና በድንጋያማ ቅርፊት ተሸፍኖ ስለሚገኝ፣ በየሙዚየሙም ሆነ በየሰብሳቢው እጅ ያለው ከሞላ ጎደል ሁሉም አንድ ጊዜ ጸድቷል። ጥያቄው ጽዳቱ የት ላይ ቆመ ነው። ቅርፊቱ ተነስቶ ለስላሳው አረንጓዴ ወይም ቡናማ ገጽ ከተረፈ ዋጋው አለ። ያንን አልፎ ከሄደ የለም።

በተለይ ሁለት ዓይነት ሳንቲሞችን ሳስብ እጄ ይንቀጠቀጣል። አንደኛው በሦስተኛውና በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተመቱት፣ ነሐስ ሆነው በስስ ብር የተለበሱ የሮም ሳንቲሞች። ሁለተኛው የአክሱም ነገሥታት ሳንቲሞች። ከብሩና ከነሐሱ አንዳንዶቹ ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ ስስ ወርቅ ተለብጧል። ወርቁን አሲድ አይነካውም፤ ከሥሩ ያለውን ነሐስ ግን ይበላዋል፣ ያኔ ወርቁ ተልጦ በውሃው ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሳንቲም ላይ የቀረች ነቁጥ ወርቅ ሙሉውን ዋጋ ልትወስን ትችላለች። እህቴ፣ ስምንቱን በማጉያ መነጽር ሳታዪ ውሃም አታስነኪ።

#6 የአባቴ ሳጥን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በማጉያ አየኋቸው። ወርቅ የለባቸውም፤ ከስምንቱ አራቱ ላይ ጠንካራ፣ ለስላሳ ጥቁር አረንጓዴ አለ፣ ያምራል። አንዱ ቡናማ ነው። ሦስቱ ላይ ግን አረንጓዴው ፈዛዛና ዱቄት የመሰለ ነው፤ በእንጨት ስንጥር ስነካው ይረግፋል፣ የረገፈበት ቦታ ጉድጓድ ሆኗል። ያስቀመጥኩበት ወረቀት ላይም አረንጓዴ ብናኝ አለ። ይህም ፓቲና ነው?

#7 ላቦራቶሪ

አይደለም። ሦስቱን ዛሬውኑ ከሌሎቹ ለይተሽ አስቀምጪ። ይህ «የነሐስ በሽታ» የምንለው ነው፤ ከዚህ ውይይት ውስጥ በፍጥነት እንድታደርጊው የምነግርሽ ብቸኛ ነገር እሱ ነው።

መንስኤው ክሎራይድ ነው። ሳንቲሙ ጨዋማ አፈር ውስጥ ሲቆይ ከመዳቡ ጋር ተዋሕዶ መዳብ ክሎራይድ ይሆንና ከፓቲናው ሥር ተደብቆ ይቀመጣል። እርጥበትና ኦክስጅን ሲያገኝ ወደ ፈዛዛው አረንጓዴ ዱቄት ይለወጣል፤ በዚያው ሂደት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይፈጠራል። አሲዱ ጤነኛውን መዳብ ያጠቃና እንደገና ክሎራይድ ይሠራል፣ ክሎራይዱ እንደገና አሲድ። ዑደቱ በራሱ አይቆምም፤ ሳንቲሙ ዱቄት እስኪሆን ይቀጥላል።

ዱቄቱን በእንጨት ስንጥር በጥንቃቄ ጥረጊ። ከዚያ በተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ የተሞላ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ንከሪያቸውና ውሃውን በየቀኑ ለውጪ። የቧንቧ ውሃ ራሱ ክሎሪን ስላለው አይሆንም። ሳምንታት ይፈጃል። ክሎራይዱ ማለቁን ለማወቅ ላቦራቶሪ የሚደርስ ሰው ከተነከሩበት ውሃ ትንሽ ቀድቶ ጥቂት የሲልቨር ናይትሬት ጠብታ ይጨምርበታል፤ ከደፈረሰና ወተት ከመሰለ ክሎራይድ አለ፣ ጥርት ካለ የለም። ሲያልቅ በአሴቶን (ቶሎ የሚተን ማሟሚያ ፈሳሽ) ነክረሽ ሙሉ በሙሉ አድርቂና እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር በሚገጠም ዕቃ አስቀምጪ። የአየሩ እርጥበት ከ40 በመቶ በታች ከሆነ የተረፈ ክሎራይድ ቢኖር እንኳ ይተኛል።

ጠንካሮቹን አራት አትንኪ። ጤነኛ ፓቲና ማለት እነሱ ናቸው።

#8 ጀማሪ 07

እኔ ገና ስለሆንኩ ይቅርታ። ፓቲናው ይህን ያህል ከሆነ፣ በቁጥር የሚሰጠው ደረጃስ? 63 ወይም 65 የሚባለው ከምን የመጣ ነው?

#9 ጠርዝ ያዥ

ይቅርታ አያስፈልግም ወንድሜ። ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1949 ለድሮዎቹ ትልልቅ የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች ያወጣው መለኪያ ነው። 1 ማለት የትኛው ሳንቲም እንደሆነ በጭንቅ የሚለይ፤ 70 ማለት እንከን አልባ። ሐሳቡ ቁጥሩ ዋጋውንም እንዲናገር ነበር፤ የ70ው ሳንቲም የ1ዱን 70 እጥፍ እንዲያወጣ። ዋጋው ብዙም ሳይቆይ ከዚያ ስሌት አመለጠ፣ ቁጥሩ ግን ቀረ። ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የተባሉት የአሜሪካ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 ሥራ ጀምረው ሳንቲም በፕላስቲክ አሽገው ደረጃ መስጠት ሲጀምሩ በሌሎች ሳንቲሞችም ላይ ይበልጥ ተስፋፋ። ከ60 ጀምሮ ያለው ሁሉ በገበያ ያልዞረ ነው፤ ልዩነቱ በጭረቱ፣ በጸዳሉና በአመታቱ (ሳንቲሙ በተመታበት መንገድ) ጥራት ነው።

የታጠበ ሳንቲም ቁጥር አያገኝም። ምስሉ ምን ያህል እንደተረፈ ይጻፍና ከጎኑ «ታጥቧል» ይባላል። ስለዚህ በእጅ ተዘዋውሮ በቅንነት ያለቀ ቡናማ ሳንቲም፣ ምስሉ ከሱ የተሻለ ግን ከታሸው ሳንቲም በልጦ የሚሸጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ቀዳዳ፣ የአንገት ጌጥ ለማድረግ የተበየደበት ምልክት፣ የተጨፈለቀ ጠርዝም እንደዚያው ናቸው። ማለቅና መጎዳት ለየቅል ናቸው።

መዳብ ላይ ቀለሙ ራሱ ደረጃ አለው። ሲመታ የነበረው ቀይ 95 በመቶና ከዚያ በላይ ከተረፈ «ቀይ»፣ ከ5 በመቶ በታች ከሆነ «ቡናማ»፣ መካከሉ «ቀይ ቡናማ» ይባላል። እዚህ ላይ ከብሩ ተቃራኒ ነው፤ ያልተለወጠው ነው ውዱ። ቀዩን በኬሚካል ለመመለስ የሞከረ ሰው የሚያገኘው ግን ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ነው፤ የለመደ ዓይን አይስተውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሁሉ የሚከረው በብዛት የሚገኝ ሳንቲም ላይ ነው። በዓለም ላይ ጥቂት ብቻ የቀረ ሳንቲም ከሆነ ሰብሳቢው የተቧጨረውንም በደስታ ይወስዳል፤ ሌላ ምርጫ የለውምና።

#10 ፎቶ አንሺ

ማለቅና መጎዳት ለሚለው አንድ ሦስተኛ ነገር ልጨምር፤ ሳይጠነክር የተመታ ሳንቲም። ማተሚያው በቂ ኃይል ካልነበረው የምስሉ ከፍተኛ ቦታ ገና ከመጀመሪያው ሳይሞላ ይቀራል፤ አዲሱ ሳንቲም ያለቀ ይመስላል። ልዩነቱ እንዲህ ይታያል፦ አንድ መብራት ከጎን አድርጉና ሳንቲሙን ቀስ ብላችሁ አዘንብሉት። ያለቀ ከሆነ ከፍታው ላይ ቀለሙ ይለወጣል፣ ጸዳሉ እዚያ ይቋረጣል። ደካማ አመታት ከሆነ ጸዳሉ በደበዘዘው ቦታ ላይ ሳይቋረጥ ያልፋል።

በዚያው መብራት የሐሰት ቀለምም ይያዛል። የአሜሪካ ሞርጋን ዶላሮች (እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1904፣ ከዚያ በ1921) 1000 እየሆኑ በሸራ ከረጢት ለአሥርት ዓመታት ተቀምጠው ነበር። ሸራውን የነካው ጎን ከጨርቁ ድኝ የቀስተ ደመና ቀለም ያዘ፤ ሌላ ሳንቲም የተጫነው ክፍል ነጭ ሆኖ ቀረ። አንዳንዶቹ ላይ የሸራው ጥለት ሳይቀር ይታያል። የተፈጥሮ ቀለም እንዲህ ምክንያት አለው። ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ሲሻገርም ላቦራቶሪ የዘረዘረውን ቅደም ተከተል ይጠብቃል፣ በፊደላቱ ዙሪያም ይለወጣል። በድኝ ውሕድና በሙቀት የተሠራው ግን ፊደሉንም ሜዳውንም (ምስልና ጽሑፍ የሌለበትን ገጽ) እንደ ፈሰሰ ቀለም ደርቦ ያልፋል፤ ጸዳሉንም ያፍነዋል።

#11 ነሐስ አፍቃሪ

ነሐስ ላይም የሐሰት አለ፣ በጣም የበዛው «የበረሃ ፓቲና» የሚባለው ነው። እውነተኛው በደረቅ አሸዋማ አካባቢ የተገኘ ሳንቲም ሜዳው ላይ የቀረ ፈካ ያለ አፈር ነው፤ ጥቁሩን ምስል አጉልቶ ስለሚያሳይ ገዢ ይወደዋል። ስለተወደደም አፈር በሙጫ ለጥፈው ይሸጣሉ። አንዳንዴ ከሥሩ የሚደበቀው ጉድጓድ፣ ወይም በመርፌ እንደገና የተቀረጸ ምስል ነው። ጥሩ አሴቶን ውስጥ ብትነክሩት ሙጫና ቀለም ይለቃል፤ ማዕድን የሆነ ፓቲና ግን ምንም አይሆንም። (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይሁን፤ ዘይትና ሽቶ አለበት። ከእሳት ርቃችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ፣ በመስታወት ዕቃ።)

#12 ነጩ ብር

በአሴቶን የሚነሳ ሌላም አለ። ለስላሳ የፕላስቲክ አልበም ውስጥ የከረመ ሳንቲም ላይ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ሲወጣ አይታችኋል? የፒቪሲ ፕላስቲክ ነው የሚያወጣው፤ ካልተነሳ ገጹን ይበላል። እሱን ማንሳት ማጠብ አይባልም፣ እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር እንስማማለን ብዬ አምናለሁ። ላቦራቶሪ ስለ ግራጫውና ስለ ሰማያዊው የለየው ደግሞ አሳምኖኛል፤ ያሉኝን ሁለት ሰማያዊ ታለሮች (ትልልቅ የብር ሳንቲሞች) አልነክርም።

#13 ጠርዝ ያዥ

እንስማማለን እንጂ። ከሳንቲሙ ያልወጣ ነገር ሁሉ ይነሳ፤ ከሳንቲሙ የወጣ ይቆይ፤ የነሐስ በሽታ ሲሆን ብቻ ከሳንቲሙ የወጣውም ይነሳ። አልበሙን በፖሊስተር ለውጡ። የእንጨት መሳቢያ ያላችሁ ደግሞ የኦክ እንጨት ከሆነ አውጧቸው፤ የሚያወጣው የአሲድ ትነት መዳብና እርሳስ ይጎዳል፤ የድሮ ሰብሳቢዎች ማሆጋኒ የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

እህቴ፣ የታጠበውን በተመለከተ፦ ጭረቱ አይመለስም። ቀለሙ ግን በዓመታት ውስጥ በራሱ ይመለሳል፤ ንጹሕ ወረቀት ውስጥ አድርገሽ ተዪው፣ በሰው ሠራሽ መንገድ ለማጥቆር አትሞክሪ። ክብደቱን መዝኚው። ሲመታ 28.07 ግራም ገደማ ነው፣ 1000 እጅ ውስጥ 833 እጅ ብር። ከዚያ ብዙ ካልራቀ ከብሩ ብዙ አልተፋቀም ማለት ነው፤ የዕንቁዎቹንና የላባዎቹን ፎቶ ብትልኪልን የት እንደተመታ አብረን እንፈልግ።

#14 የአባቴ ሳጥን

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ማሪያ ቴሬዛው 27.9 ግራም መዘነ። ፎቶውን ፎቶ አንሺ እንዳሉት ከጎን መብራት አንስቼ ከዚህ በታች አያይዣለሁ፤ ዕንቁዎቹ ይቆጠራሉ። ወረቀቱ ላይ «በሎሚና በቤኪንግ ፓውደር ታሽቷል» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ከእኔ በኋላ የሚይዘው ሰው ይወቀው።

ከሦስቱ ነሐሶች ሁለቱ ከደረቁ ሁለት ሳምንት አለፋቸው፤ ዱቄቱ አልተመለሰም። አንዱ ላይ ግን ትናንት ከንጉሡ ጆሮ አጠገብ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ፈዛዛ ነጥብ አየሁ። ወደ ውሃው ልመልሰው?

#15 ላቦራቶሪ

አዎ፣ ዛሬውኑ። ነጥቧን መጀመሪያ በስንጥር አውጪያት፤ ክሎራይዱ ከሥሯ ነው ያለው። ሁለቱን ደግሞ በየወሩ በማጉያ እያየሽ፣ ሲሊካ ጄሉን መለወጥ አትርሺ።